ስታለቅስ አላመንኩህም ላልሽኝ

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ ላልሽኝ ነገር መልስ ልሰጥሽ ብዬ ነው የምጽፈው። ያን ቀን ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም። መልሱ እጄ ላይ ስላልነበረ ነው። የተወንኩበትን ፊልም አይተሽ «ስትስቅ አመንኩህ፤ ስታለቅስ ግን አላመንኩህም» አልሽኝ። ትንሽ ቆይተሽ ደግሞ «ሙዚቃውንስ ተውከው ማለት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ለአንቺ ሁለቱ የተለያዩ ወሬዎች ነበሩ። እኔ ግን ሳስበው ከርሜ አንድ ሆነው አገኘኋቸው።

በመጀመሪያ እውነቱን ልንገርሽ። ያ እንባ የሜንቶል ነው። የሜካፕ ባለሙያዋ ከዓይኔ ሥር ትንሽ ቀባችኝ። ያቃጥላል፤ እንባ ይጠራል። በፊልም ሥራ የተለመደ ነው፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን ዓይኔ ብቻ ነው ያለቀሰው። ትከሻዬ አላለቀሰም፤ አተነፋፈሴም አላለቀሰም። አንቺ ደግሞ ይሄን ፊት በልጅነቴ ስታጥቢው የኖርሽ ነሽ። ሌላው ተመልካች ቢያልፈው አንቺ አታልፊውም።

ትዕይንቱ ሰውየው የእናቱን መሞት በስልክ የሚሰማበት ነው። ስክሪፕቱን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ላንቺ አልነግርሽም። እኔም እማዬን ሳልቀብር በስልክ ነው የሰማሁት። የደወልሽልኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ «ይሄንንማ ማንም አያስተምረኝም» አልኩ። ውስጤ ያለውን ማውጣት ብቻ መሰለኝ።

በልምምዱ ቀን መጣልኝ። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ስናነብ ድምፄ ተሰበረ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዳይሬክተሯ «በቃ፣ ለቀረጻው አስቀምጠው» አለችኝ። አስቀመጥኩት። በቀረጻው ቀን ካስቀመጥኩበት አጣሁት።

መብራት እስኪስተካከል ረጅም ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ 11 ጊዜ ተቀረጽኩ። በመጀመሪያው ስለ እማዬ አሰብኩ፤ ጉሮሮዬ ታነቀ። በሦስተኛው ግን ስለ እሷ ሳይሆን «እንባው ይመጣ ይሆን?» እያልኩ ነበር የማስበው። ስድስተኛው ላይ እማዬን ከተኛችበት እየቀሰቀስኩ «ነይ፣ አስለቅሺኝ» የምላት መሰለኝ። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ደረቅሁ። ሜንቶሉ የመጣው ያኔ ነው።

ይሄ ጉዳይ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ስታኒስላቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ የቴአትር ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ አርት ቴአትርን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። በቀደመው ዘመኑ ተዋናዩ ከራሱ ሕይወት ያሳለፈውን ስሜት እንዲያስታውስ ያስተምር ነበር። ያ ትምህርት አሜሪካ ደረሰ፤ ሊ ስትራስበርግ የሚባል አስተማሪ አጥብቆ ያዘው። ስቴላ አድለር የምትባል ተዋናይት ግን ዘዴውን አልወደደችውም። እ.ኤ.አ. በ1934 ፓሪስ ላይ ራሱን ስታኒስላቭስኪን አግኝታ ለሳምንታት አብራው ሠራች። ለካ ሰውየው መንገዱን ከቀየረ ቆይቷል። «ምን ይሰማዋል?» ከማለት ይልቅ «ምን እያደረገ ነው?» ወደ ማለት ዞሯል። ተመልሳ መጥታ ይሄንን ስትናገር ከስትራስበርግ ጋር ተለያዩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔ ቀድሜ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እማዬን አላስቸግራትም ነበር።

ስለ ስታኒስላቭስኪ ሌላም ነገር ልንገርሽ። በወጣትነቱ ኦፔራ ዘፋኝ መሆን ይመኝ ነበር፤ ድምፁንም ተምሯል። በኋላ የኦፔራ ዘፋኞችን ትወና አስተምሯል። የሰው ድርጊት ሁሉ ቴምፖና ሪትም፣ ማለትም ፍጥነትና ምት፣ አለው ይላል። ውስጡ እየሮጠ ውጪው የሚዘገይ ሰው አለ፤ ተገላቢጦሹም አለ። ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ። እኔ እኮ ዕድሜዬን የኖርኩት በዚህ ነው። ባንዱ ሲቀጣጠል የእኔ ቤዝ ጊታር ረጋ ይላል። ስልክ የሰማው ሰውዬም እንደዚያ ነው። ልቡ ይሮጣል፤ እጁ ግን ስልኩን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ያን ብጫወት ኖሮ እንባ ባልፈለግኩ። መሣሪያው እጄ ላይ ነበር፤ አላወቅኩትም።

አሁን ስለ ሳቁ። በሳቁ ትዕይንት አብሮኝ የሚጫወተው አንጋፋ ተዋናይ በአንዱ ቴክ፣ ማለትም በአንዱ የቀረጻ ዙር፣ ላይ ቃሉን ከወትሮው ትንሽ አዘግይቶ ተናገረው። አሳቀኝ፤ ሳላስበው ተከተልኩት። ይሄ ከሙዚቃ ያገኘሁት ነው። የቤዝ ተጫዋች የሚኖረው በማዳመጥ ነው። የድራመሩን የቀኝ እግር ምት ካልሰማሁ የት እንዳለሁ አላውቅም። ትወና ውስጥም ከሁሉ የሚከብደው ይሄው ይመስለኛል። ብዙዎቻችን የምናዳምጥ መስለን ተራችንን ነው የምንጠብቀው። ካሜራው ሲጠጋ ደግሞ ይሄ ይታወቃል። መድረክ ላይ ከኋላ ወንበር ያለው ሰው ዓይንሽን አያይም። በክሎዝ አፕ ግን የዓይን ሽፋሽፍት እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ሙዚቃው የጎዳኝም አለ። የመጀመሪያው መቁጠሬ ነው። ቃላቴ ሁልጊዜ በአንድ ቴምፖ ይወጣሉ። ኤዲተሩ አንድ ቀን ጠርቶ አምስት ቴኮች አከታትሎ አሳየኝ። አምስቱም በሰከንድ አይለያዩም። «ለእኔ ሥራ ይቀላል፤ ግን አምስቱም ላይ ያው ሰውዬ ነው» አለኝ። ሙዚቃ ውስጥ ይሄ ምስጋና ነበር። እዚህ ግን የሰውየውን ሕይወት ያጠፋል። ሰው ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ቴምፖ አያዝንም።

ሁለተኛው እጄ ነው። ይሄን እንዴት እንደማስረዳሽ አላውቅም። ከ16 ዓመቴ ጀምሮ ሰው ፊት ስቆም ቤዝ ጊታር አንገቴ ላይ አለ። ሳፍር ወደ ጣቶቼ አያለሁ፤ ሲከፋኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ሰው ሙዚቃው ወስዶት ነው ይላል። ካሜራ ፊት የሚከልለኝ የለም። የመጀመሪያው ሳምንት እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ኪሴ ከተትኳቸው፤ አጣመርኳቸው፤ ፊቴን ነካሁባቸው። ማታ ቤት ገብቼ ቤዙን ታቅፌ እስክተኛ ድረስ አላረፉም። ዳይሬክተሯ በመጨረሻ አንድ ኩባያ ሰጠችኝ። ኩባያውን ከያዝኩ በኋላ ቃሉ መጣልኝ። ስታኒስላቭስኪ ስለ ድርጊት የሚለውን በተግባር ያየሁት ያኔ ነው። እጅ ሥራ ካገኘ አፍ አይዋሽም።

ቋንቋውም አለ። ከአፍ መፍቻሽ ሌላ በተማርሽው ቋንቋ መቆጣት ከባድ ነው። ቁጣው ቀድሞ ይደርሳል፤ ቃሉ ከኋላው እየሮጠ ይመጣል። ይሄ በጊዜ ይሻሻላል ይሉኛል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ አይመስለኝም።

ደግሞ ፊልም እንደ ዘፈን ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ አይሄድም። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን ትዕይንት ቀረጽን፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን የመጀመሪያውን። አንድ ዘፈን ማብቂያውን ዛሬ፣ መግቢያውን በሚቀጥለው ወር እንደመጫወት ነው። ሌሊት ስክሪፕቱን እንደ ኖታ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ ሰውየው የት እንደደረሰ ምልክት እያደረግኩ ነው የተወጣሁት።

ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ ያለፉትን ማየት ረድቶኛል። ዘፋኙን ፍራንክ ሲናትራን ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1954 በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ወስዷል። አንድ ትዕይንት ደጋግሞ መቀረጽ አይወድም ነበር፤ የመጀመሪያው ቴክ ይበልጣል ይል ነበር። ያን 11 ጊዜ ሳስብ እረዳዋለሁ። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካኝ ግን ዴክስተር ጎርደን ነው። ትልቅ የሳክስፎን ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ፊልም ፓሪስ የሚኖር አንድ አሜሪካዊ ሳክስፎኒስት ሆኖ ተጫወተ። ዕድሜው 60ን አልፎ ነበር። ለኦስካር በምርጥ ተዋናይነት ታጨ። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ለ14 ዓመታት ያህል አውሮፓ ኖሯል፤ ከአገሩ መራቅን ማንም አላስተማረውም። ሙዚቃውም እዚያው ቀረጻው ላይ ነው የተቀዳው። ሲራመድ፣ ሲናገር፣ ዝም ሲል ሁሉ ልክ ሳክስፎኑን ሲነፋ እንደሚዘገየው ይዘገያል። ከዚያ በኋላ የሠራቸው ፊልሞች ጥቂት ናቸው። ብዙ ዓይነት ሰው የመሆን ችሎታ እንደነበረው አላውቅም፤ ያን አንድ ሰው ግን ማንም እንደ እሱ አይሆነውም።

እኔም የራሴን ልክ አውቄያለሁ። ይሄን ስነግርሽ ከፍቶኝ አይደለም። ባለፈው ወር ትልቅ ሚና መጥቶልኝ ነበር። ጠበቃ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገራል። ክፍያው ጥሩ ነበር፤ ቤት ውስጥ ስንት ጉድለት እንደሚሸፍን አውቃለሁ። ሦስት ሌሊት ጮክ ብዬ አነበብኩት። የሰውየው አፍ ከልቡ ይቀድማል። የእኔ ከኋላ ነው የሚመጣው። ብቀበለው ኖሮ ሌላ ሜንቶል ነበር የምልክልሽ። አልችልም አልኩ። እባክሽ አትዘኝብኝ።

የተቀበልኩት ትንሽ ሚና ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት የሚሠራ ሰው። ስምንት ትዕይንት አለው፤ የሚናገረው ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

ሙዚቃውን አልተውኩም፣ እታለም። ቅዳሜና እሁድ አሁንም ከባንዱ ጋር ነኝ። ተለውጬ እንደሆነ እንጃ፤ ድራመሩ በቀደም ለት ከሥራ በኋላ «ምን ሆነሃል? ድሮ የምትሞላውን ቦታ እየተውክልን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ድሮ ዝምታ ሲመጣ ቶሎ ብዬ ኖታ አስገባ ነበር። አሁን ትንሽ እጠብቃለሁ።

አዲሱ ፊልም ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ሰውየው መጥፎ ወሬ ይሰማና ምንም ሳይናገር አንሶላ ያጥፋል። ዳይሬክተሩ «እንዴት ታጥፈዋለህ?» አለኝ። አንዱን ጫፍ አገጬ ሥር ያዝኩ፤ እጆቼን ዘረጋሁ፤ መሐሉን በጣቴ ፈለግኩ። ግማሹ ሲደርስ የማን አስተጣጠፍ እንደሆነ አወቅኩ። አንቺም ታውቂዋለሽ። ስታጥፍ ታንጎራጉር የነበረችውን ግን አልጨመርኩበትም። እሱን ለእኛ ተውኩት።

ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተቀረጸው። ሲደርስሽ እዪውና እንደ ለመድሽው ሳትደባብቂ ንገሪኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ