ኮረብታው ላይ ከመውጣትሽ በፊት

ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፈተና ስትጨርሱ ከጓደኞችሽ ጋር እዚያ ሕንድ ከባንጋሎር ወጣ ብላችሁ ኮረብታ ለማየት ማሰባችሁ ደስ አሰኝቶኛል።

ናንዲ የሚባለውን ኮረብታ አስቀድሙ። ከከተማው በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 1478 ሜትር ስለሆነ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል፤ ትንፋሽ አያጥርሽም። የንጋቱን ብርድ ግን አትናቂው፣ ሹራብ ያዢ።

ብዙው ሰው የሚሄደው ፀሐይ ስትወጣ ደመናው ከእግሩ በታች ተንጣሎ ለማየት ነው። ይህ በየቀኑ አይገኝም። ሌሊቱ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ መሬቱ ገና እርጥብ እያለ ሲያድር ሜዳው ላይ የቀዘቀዘው አየር ጉም ሆኖ ከታች ይተኛል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ነፋስ የሚነዳው ደመና ጫፉን ራሱን ስለሚውጠው ምንም አይታይም። ደግሞ የእኛ ክረምት ሲወጣ የእነሱም የወጣ እንዳይመስልሽ፤ በመስከረምና በጥቅምት ባንጋሎር ብዙ ይዘንባል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ቅዳሜና እሑድን ተዉት፤ የመኪናው ሰልፍ ሳያልቅ ፀሐይዋ ትወጣለች።

በአውቶቡስ ከሆነ ለፀሐይ መውጫ አትደርሱም፤ እሱም አያስቆጭሽ። እኔን ብትጠይቂኝ ከፀሐይዋ ይልቅ ግርጌው ናንዲ መንደር ያለው የቦጋ ናንዲሽዋራ ቤተ መቅደስ ይበልጣል። ከ1,000 ዓመት በላይ የቆየ ነው። አማኞቹ እንደሚሉት በግቢው ካሉት መንታ መቅደሶች አሩናቻሌሽዋራ የሂንዱ አምላክ የሆነውን የሺቫን ልጅነት፣ ቦጋ ናንዲሽዋራ ወጣትነቱን ያሳያሉ፤ ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለው ዮጋ ናንዲሽዋራ ደግሞ ምናኔውን። ስለዚህ ከታች ጀምራችሁ በአሮጌው የድንጋይ ደረጃ ውጡ። ደረጃው ከ1,000 በላይ ስለሆነ ቀስ በሉ። በደረጃውና በጫፉ የምታይው ግንብ የማይሶር ግዛት ገዢ የነበረው ቲፑ ሱልጣን ያጠናከረው ምሽግ ነው፤ እንግሊዞች በጥቅምት 1791 እ.ኤ.አ. በጦርነት ወሰዱት። እስረኞች ይወረወሩበት ነበር በሚባለው ገደል ላይ ለፎቶ ብላችሁ አጥሩን እንዳትሻገሩ።

መቅደሶቹ እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ያስወልቃሉ። ንጣፉ በቀትር እግር ስለሚያቃጥል ካልሲ ያዢ። ጦጣዎቹ የፌስታል ድምፅ ሰምተው ይመጣሉና ምግባችሁ ዚፕ ባለው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ጥርስሽን ገልጠሽ አትሳቂላቸው፤ የጠብ ምልክት ሊመስላቸው ይችላል።

ሳቫንዱርጋ የሚባለው ኮረብታ ግን ሌላ ነገር ነው። በማጋዲ ከተማ አጠገብ፣ ከፍታው 1226 ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ግራናይት ነው። አናቱ ላይ ምሽግ ነበረ፤ እሱም በዚያው ጦርነት በታኅሣሥ 1791 እ.ኤ.አ. ተያዘ። መደገፊያም፣ ጥላም፣ የሚጠጣ ውሃም የለውም። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ ያዙ፤ ንጋት ላይ ጀምራችሁ ድንጋዩ ሳይግል ውረዱ። ከዝናብ በኋላ ቢያንስ አንድ ፀሐያማ ቀን ሳያልፍ አትሂዱ። ውሃ የሚወርድባቸው ጥቁር መስመሮች የደረቁ ቢመስሉም ያዳልጣሉ። ሶሉ ያለቀ ጫማ አታድርጊ።

አደጋው የሚብሰው በመውረድ ነው፤ ጭን ሲዝል ጉልበት ይከዳል። ጎንበስ ብለሽ በአጭር እርምጃ ውረጂ፣ ካስፈራሽ ቁጭ ብለሽ ተንሸራተቺ። ሌላው ስሕተት አቋራጭ ፍለጋ ነው። ድንጋዩ ከላይ ሲያዩት ለጥ ያለ ይመስልና ወደ ታች ቀጥ እያለ ሄዶ ገደል ይሆናል፤ እዚያ የደረሰ ሰው መመለስ ያቅተዋል። በድንጋዩ ላይ በቀለም የተሳሉትን ቀስቶች ብቻ ተከተሉ፤ ቀስት ከጠፋባችሁ መጨረሻ ወዳያችሁት ተመለሱ። የመግቢያው ደንብ ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

ስልክሽን ሞልተሽ ሂጂ። ከሳቫንዱርጋ እንደወረድሽ፣ ገና ጫማሽን ሳታወልቂ ደውዪልኝ።

እናትሽ