ለገና ዋዜማ የምናሰማው ዜማ

ውድ አባላት፣ ለገና ዋዜማ ዝግጅታችን መዝሙርና ዘፈን እየመረጥን ነው። እኔ «ቤዛ ኩሉ» ይቅደም ባይ ነኝ። ላሊበላ ቤተ ማርያም፣ ታኅሣሥ 29 ጠዋት፣ ካህናቱ ግማሹ ከላይ ከቋጥኙ ጫፍ፣ ግማሹ ከታች ከግቢው ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ነጩ ልብስ አንድ ላይ ሲወዛወዝ ልብ ይነካል። ረጅም ነው፤ ግን እባካችሁ መሃል ላይ አንቁረጠው።

ከዚያ «አሲና በል አሲና ገናዬ» ይግባ። ልጆቹ ተቀባይ ይሁኑ፣ በጣም ይወዱታል።

ከውጭዎቹ «ሳይለንት ናይት»ን ጨምሬያለሁ። በ1818 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ፣ ኦበርንዶርፍ ውስጥ መጀመሪያ የተዘመረው በጊታር ታጅቦ ነበር። ስለዚህ ኦርኬስትራ የበዛበትን ትተን በጊታር የተሠራውን እንፈልግ።

የእናንተን ምርጫ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ። ለአንድ ሰው ሁለት ይበቃል።