የሒሳብ ክበብ ዘገባ፦ በ2147483647 ዙሪያ የከረመ ዓመት

የጥያቄና መልስ ውድድሩ ተካሂዷል፣ የግድግዳ ጋዜጣውም ወጥቷል። ስለነሱ ብዙ አልልም። ዘንድሮ ልጆቹን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያስቀራቸው አንድ ቁጥር ነው፦ 2147483647።

ነገሩ የተነሳው ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ፕሮግራሙ ውስጥ በዚህ ቁጥር ላይ 1 ሲደምር ውጤቱ ከዜሮ በታች ሆኖ ቁጭ አለ። «ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል!» አለ። አልተበላሸም። ከ32 ቢት (ኮምፒውተሩ ቁጥር የሚጽፍባቸው የ0 ወይም የ1 ቦታዎች) ውስጥ አንዱ ለመደመር ወይም ለመቀነስ ምልክት ከተያዘ የሚገባው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው፣ 31 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው። ሰዓታቸውን ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰከንድ እየቆጠሩ በዚህ ቦታ የሚያስቀምጡ የቆዩ ሲስተሞችም አሉ። እነሱ የሚሞሉት ጥር 11 ቀን 2030 ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። የጥምቀት ዕለት ጠዋት! ቀኑን ልጆቹ ራሳቸው አስልተው ሲደርሱበት ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ፦ ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ ከ1ና ከራሱ ሌላ አካፋይ አለው? አንዷ ቶሎ ብላ «31 ብቸኛ ስለሆነ ይሄም ብቸኛ ነው» አለች። ጓደኛዋ በ11 ሞከረው፣ 11ም ብቸኛ ነው፣ 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ 2047 መጣ፣ እሱ ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ነው። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ስለዚህ ማካፈል ግድ ሆነ። እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ ማለትም እስከ 46340 ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ከ4700 በላይ ናቸው፣ በካልኩሌተር ማን ይጨርሰዋል? የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. ያለ ካልኩሌተር፣ ዓይኑም ከሞላ ጎደል ጠፍቶ እያለ፣ ይህ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ያሳየው መንገዱን በማሳጠር ነው። ብቸኛ የሆነ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ62 ሲካፈል 1፣ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7 መትረፍ አለበት። (ለምን የሚለው የፌርማን ቲዎረም ስለሚፈልግ ለ12ኛ ክፍሎች ብቻ ነው ያሳየሁት፣ ታናናሾቹ ግን አኩርፈውብኛል።) በዚህ ወንፊት ሲያልፍ የሚቀረው መቶ አይሞላም። የመጀመሪያው 311 ነው፣ 35 ይተርፋል። ቀጣዩ 1303። እንዲህ እያለ ይሄዳል። ዝርዝሩን በቡድን ተከፋፍለው ጨረሱት፣ አንዱም እኩል አላካፈለውም።

እኔን የገረመኝ በሒሳብ ውጤታቸው መሀል ላይ ያሉት ልጆች ናቸው። ፈተና ላይ የሚቸኩሉት እዚህ አንዲት ቀሪ ደግመው ደጋግመው ያረጋግጡ ነበር።

በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ትልቁ የታወቀ ብቸኛ ቁጥርም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፣ ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ከሚገኙት፣ የሁለቶቹ ብዛት ብቻ 136279841 ደርሷል፣ ራሱ ቁጥሩ ደግሞ 41024320 አሃዞች አሉት። ልጆቹ አትመን ግድግዳ ላይ እንለጥፈው ብለዋል። የወረቀቱን ወጪ አስልተው እንዲያመጡ ነግሬያቸዋለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት የምትመዘገቡ ካልኩሌተር ይዛችሁ ኑ፣ የክበቡ ባትሪው አልቋል።