የወይን ሥልጠና ከአዳራሽ ይውጣ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፦

ለወይን አልሚዎችና ለወይን ጠጅ ጠማቂዎች የሚሰናዱት የትምህርት መድረኮች መበራከታቸው ደስ ቢያሰኝም፣ ብዙዎቹ በአዳራሽ ንግግር ብቻ መወሰናቸው ጥቅማቸውን ቀንሶታል። የወይን ተክል መግረዝን የመሰለ ሥራ፣ ተክሉ ቅጠሉን ካረገፈ በኋላ የመግረዣ መቀስ ተይዞ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቀርና የትኛው እንደሚቆረጥ በዓይን እየታየ ካልሆነ በቀር በሥዕል አይለመድም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አልሚውና ጠማቂው ለየብቻ መሰብሰባቸው ነው፤ ምክንያቱ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ፍሬው እየበሰለ በሄደ ቁጥር ስኳሩ ሲጨምር አሲዱ ስለሚቀንስ፣ የለቀማው ቀን የሁለቱም ጉዳይ ነው። ስለዚህ አዘጋጆቹ ቢያንስ አንዱን መድረክ ለቀማው ሊጀመር ሲል ማሳው ላይ አድርገው፣ ሁለቱም ወገኖች ከተለያዩ ረድፎች የተለቀመውን ፍሬ ጨምቀው ስኳሩንና አሲዱን አብረው እንዲለኩ፣ ጭማቂውንም እንዲቀምሱ ቢያደርጉ መልካም ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወይን አልሚ