ለልጄ፦ ስለ ተለወጠው ልጅ ፊልምሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የመመረቂያ ፊልምሽን እዚያው አየርላንድ ውስጥ፣ በአንድ የገጠር ቤት፣ በጥቂት ተዋንያንና በጥቂት ገንዘብ ልትሠሪ እንዳሰብሽ፣ ታሪኩም ልጇ በሌላ ፍጡር ተተክቷል ብላ ስለምትጠረጥር እናት እንደሆነ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እንድመለከተው የመከርሽኝን የዳይሬክተር ሊ ክሮኒንን አስፈሪ ፊልም «ዘ ሆል ኢን ዘ ግራውንድ»ንም አይቼዋለሁ። አስተያየቴን ስለጠየቅሽ፣ የሥራ ዘመኗን መናገር ከሚቸግራቸው ሕፃናት ጋር እንዳሳለፈች አስተማሪ የማስበውን ሳልቆጥብ እነግርሻለሁ።

ፊልሙ ከጥቂት ነገር ብዙ ፍርሃት ማውጣቱን ሳልመሰክርለት አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2019 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የቀረበ የዳይሬክተሩ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ሲሆን፣ በውስጡ ያለው አንድ አሮጌ ቤት፣ ጫካ፣ በጫካው መካከል የተከፈተ ግዙፍ ጉድጓድ፣ ሳራ የምትባል ወጣት እናት፣ ክሪስ የሚባል ትንሽ ልጇና ጥቂት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። ከጉድጓዱ በቀር በገንዘብ የተገዛ ነው የሚያሰኝ ነገር ብዙ አላየሁበትም። ልጁ ቀድሞ እምቢ ይለው የነበረውን ምግብ ዝም ብሎ ሲበላ፣ ከወትሮው ይልቅ ጨዋና ታዛዥ ሲሆን፣ ከእናቱ ጋር ፊት እየለዋወጡ ይጫወቱት የነበረውን ጨዋታ ሳያውቀው ሲቀር፣ እኔም እንደ ሳራ ልጁን በጥርጣሬ ዓይን መመልከት ጀመርኩ። እናት ልጇን አተኩራ በምታይበት በዚያ ዝምታ ውስጥ የተሰማኝ ፍርሃት፣ ኋላ ከመሬት በታች ከሚታየው ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ልቤን ያስጨነቀው ግን ፍጻሜው ነው። ፊልሙ ሳራ ትክክል ነበረች ይለናል፤ እቤት ውስጥ ያለው በእርግጥ ሌላ ፍጡር ነው፣ እውነተኛው ክሪስም ከመሬት በታች ይገኛል። ልጄ ልጄ አይደለም ስትል የኖረችው፣ ልጇ ከብዙ ዓመት በፊት በመኪና ተገጭቶ የሞተው፣ መንደሩም እብድ ያላት ጎረቤቷ ኖሪን እንኳ በመጨረሻ እውነት ተናጋሪ ሆና ትወጣለች። ተመልካቹ እናቲቱን ካላመናት አብሯት አይፈራምና ለአስፈሪ ፊልም ይህ የቀና መንገድ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን ረቂቃን ፍጡራን ሰውን ወስደው የራሳቸውን ይተካሉ ከሚለው የጥንት እምነት የተነሣ በአየርላንድ ፍርድ ቤቶች ፊት የቀረቡትን ታሪኮች ብታነቢ፣ ተለውጧል የተባለው ልጅ በእያንዳንዳቸው ያው የእናቱ ልጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1826 በኬሪ አውራጃ፣ በትራሊ ከተማ፣ አን ሮች የተባለች አሮጊት ማይክል ሊሂ የተባለ ሕፃን በፍሌስክ ወንዝ አስጥማ ገድላለች ተብላ ለፍርድ ቀርባ ነበር። ልጁ መቆምም፣ መራመድም፣ መናገርም አይችልም ነበር፤ ስለዚህም በጉብታ ሥር ይኖራሉ ተብለው የሚፈሩት ረቂቃን ፍጡራን እንደነኩት ታመነ። ሴት አያቱ በየማለዳው የሦስት እርሻዎች ድንበር በሚገናኝበት የወንዙ ጥልቅ ቦታ እንዲታጠብ አዘዘች፤ በሦስተኛውም ማለዳ አን ከወትሮው አስረዝማ ውኃ ውስጥ አቆየችው። አብራት የነበረችው ሴት ከዚህ በኋላ የእግዚአብሔርን ፊት አያለሁ ብለሽ እንዴት ተስፋ ታደርጊያለሽ ብላ ስትጠይቃት፣ ኃጢአቱ በአያቲቱ ላይ እንጂ በእኔ ላይ አይደለም ብላ መለሰች። ፍርድ ቤቱ፣ የተደረገው ልጁን ለመፈወስ እንጂ ለመግደል አልነበረም የሚለውን ቃል ሰምቶ በነፃ አሰናበታት። ልጄ ሆይ፣ ይህችን የወንዝ ዳር ንግግር እስከ ዛሬ ከራሴ ላወጣት አልቻልኩም፤ በአንድ ገጽ ውስጥ ሕመምተኛ ሕፃን፣ ትእዛዝ ሰጪ አያት፣ ታዛዥ እጅና ዘግይቶ የነቃ ምስክር አሉ፤ ጭራቅ ግን የለም።

እ.ኤ.አ. በ1884 ደግሞ በክሎንሜል ሁለት ሴቶች እጅና እግሩን ማዘዝ የማይችል የሦስት ዓመት ሕፃን በጋለ አካፋ ላይ አስቀምጠው ክፉኛ አቃጥለውታል ተብለው ተያዙ፤ እንዲህ ሲደረግበት ተተኪው ሸሽቶ እውነተኛው ልጅ ይመለሳል የሚል እምነት ነበር። እምነቱ አዋቂንም አልማረም። በቲፐረሪ አውራጃ ብሪጅት ክሊሪ የተባለች ልብስ ሰፊ በታመመች ጊዜ፣ ባሏ ይህች ሚስቴ አይደለችም ብሎ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1895 እቤቷ ውስጥ በእሳት ገደላት፤ በዚያ ምሽት ዘመዶቿ እዚያው ቤት ውስጥ ነበሩ።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የምፈራው መድኃኒቱን ነው። እዚያ አገር የብረት መቆንጠጫ በሕፃኑ አልጋ ላይ ይጋደም ነበር፤ እኛም አገር አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ወደ ደጅ ስትወጣም ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ትይዛለች፤ ይህ ማንንም ስለማይጎዳ አልነቅፈውም። ተለውጧል ለተባለው ልጅ ግን የሚሰጠው ዲጂታሊስ የሚባለው የልብ መድኃኒት ከሚገኝበት አበባ የሚዘጋጅ መጠጥ ነበር፤ መጠኑ ሲያልፍ ልብን የሚያቆም መርዝ መሆኑን ልብ በይ። አያት በፍቅር እያባበለች ይህን በማንኪያ ስታጠጣ አስቢው፤ ለዚህ ትዕይንት የሚያስፈልግሽ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ኩባያና አንዲት ጥሩ ተዋናይት ብቻ ናቸው።

እናቶቹን ግን እንድታዋርጃቸው አልፈልግም። ዓመት ተኩል እስኪሞላው ድረስ እናቱን እያየ ይስቅ፣ ጥቂት ቃላትም ይናገር የነበረ ልጅ ቃላቱን ሲያጣ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ማለትን ሲተው፣ እቅፍ ሲሸሽ እኔ ራሴ በክፍሌ ካስተማርኳቸው ልጆች ወላጆች ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ዛሬ ይህ ኦቲዝም በሚባለው፣ ንግግርንና ከሰው ጋር መግባባትን በሚነካ የአእምሮ እድገት ሁኔታ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሚታይ መሆኑ ይታወቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን መንደር ውስጥ ለነበረች እናት ግን ማንም የሚነግራት አልነበረም፤ ልጄን ወስደውብኛል ማለት ያየችውን ነገር የምትገልጽበት ያላት ብቸኛ ቋንቋ ነበር። በአዲስ አበባም ለክፎት ነው፣ እርግማን ነው እየተባሉ ከእንግዳ ፊት የሚሰወሩ ልጆች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነፍሳቸውን ይማርና እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ኦቲዝም ያለበትን የራሳቸውን ልጅ ነገር በአደባባይ መናገራቸው ለስንቱ ቤት በር እንደከፈተ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ የአንቺ እናት ገጸ ባሕርይ ክፉ አትሁን፤ የደከመች፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ሰው ሁሉ ምክር እየሰጣት የሚያግዛት ግን ያጣች ሴት ትሁን።

አሁን ወደ ሥራሽ ልምጣ። ገንዘብ ስለሌለኝ ፍጡሩን ማሳየት አልችልም ብለሽ አዝነሻል፤ እኔ ግን ገንዘብ ቢኖርሽም እንዳታሳዪው እለምንሽ ነበር። ፍጡሩ በታየ ቅጽበት እናቲቱ ትጸድቃለች፣ ልጁም የሚገደል ነገር ይሆናል። ካልታየ ግን ተመልካቹ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ከሁለት አንዱን ማመን ግድ ይሆንበታል፤ ፍርሃቱም እጇ ልጁን ምን ታደርገው ይሆን ወደሚለው ይዞራል። ያየሁት ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ከሳራ አይለይም፤ ልጁ ብቻውን ሲሆን የምናየው በአብዛኛው እርሷ በድብቅ ስትሰልለው ነው። አንቺ ግን ለልጁ የራሱ ትዕይንቶች ስጪው። እናቱ በሌለችበት ጫማውን ለማሰር ሲታገል፣ ከቧንቧ የሚንጠባጠብ ውኃ ደስ ብሎት ሲያዳምጥ፣ ማታ በር ሲቆለፍበት ደንግጦ ሲቆም እንየው፤ ካሜራውንም በእርሱ ቁመት ልክ ዝቅ አድርጊው። በዚያን ጊዜ አያቲቱ ማንኪያውን ይዛ ስትመጣ ከታች ወደ ላይ እናያታለን።

ድምፁን በተመለከተ አስፈሪ ሙዚቃን በልጁ ፊት ላይ አትጫኚበት። ያለ ሙዚቃ ያ ፊት የሕፃን ፊት ብቻ ነው፤ ጥፋተኛ የሚያደርገው ከውጭ የሚጨመርበት ድምፅ ነው። ከፈለግሽ ሙዚቃውን ለጎረቤቶቹ ጉብኝት አስቀምጪው።

የሚተውነውን ልጅ ጉዳይ ደግሞ ከምንም በላይ አደራ እልሻለሁ። ታሪኩን ለእርሱ በሚገባው መንገድ ቀድመሽ ንገሪው፤ በትወናው ላይ «አንተ ልጄ አይደለህም» እያለች የምትቆጣህ ሴት እየተጫወተች ነው በይው፤ እናቱ ወይም አባቱ ሁልጊዜ በአጠገቡ ይሁኑ፤ የሌሊት ትዕይንቶችን መስኮት ሸፍነሽ በቀን ቅረጪ። እውነተኛ እንባ ለማግኘት ብለሽ ልጁን በድንገት አታስደንግጪው፤ ልጁን ወንዝ ውስጥ ከማስገባት ይልቅም ባዶ ወንዝ ብታሳዪ ይሻላል።

በላክሽልኝ ረቂቅ እናቲቱ ልጁን በሕፃንነቱ ታዜምለት የነበረውን እሹሩሩ ጀምራ ቀጣዩን ስንኝ እንዲጨርስ ትፈትነዋለች፤ እርሱም ዝም ሲል እውነቱ ታወቀ ብላ ትነሣለች። ይህን ትዕይንት አታውጪው፤ ግን እርሷ ከክፍሉ ከወጣች በኋላ ካሜራው እዚያው ከልጁ ጋር ይቆይ፣ ልጁም ቆይቶ፣ ማንም ሳይሰማው ስንኙን ይጨርሰው። በትምህርት ክፍሌ መልሳቸው የሚዘገይ ልጆች ብዙ ነበሩኝና እንዲህ ያለው ነገር በእውነት ይሆናል። አዲሱን ረቂቅ እንደጨረስሽ ላኪልኝ፤ ስለ ልጁ እንቅስቃሴ የምትጠይቂኝ ካለም በየትኛውም ሰዓት ደውዪ።

የምትወድሽ እናትሽ