ቆመው ያስሉ በሏቸው

ሰላም ለናንተ ይሁን የጋዜጣው አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ስለ ቡአ ነው፣ ሐኪሞቹ ሄርኒያ የሚሉት፣ የሆድ ግድግዳ በሳሳበት ክፍተት ስብ ወይ አንጀት ሾልኮ የሚወጣበት በሽታ፣ እኛ ጋ ሰው ስሙን ለመጥራት ስለሚያፍር ታሞ ለሚስቱ እንኳ አይነግርም።

ወንድም ጋሼ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የጤፍ ጆንያ ሲጭን ሲያወርድ ነው የኖረው። አምና ብሽሽቱን ያመው ጀመር፣ ማታ ማታ ትንሽ እብጠት ነገር ትወጣለች፣ ጠዋት የለችም፣ እና አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። አልትራሳውንድ ታዘዘለት፣ አልጋ ላይ እንደተንጋለለ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አዩትና "ምንም የለብዎትም፣ ጡንቻ ነው" ብለው ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙን። እሱም ምንም የለብህም ከተባለ በቃ ብሎ ጆንያውን መሸከም ቀጠለ፣ ሰባት ወር ሙሉ!

በኋላ ሌላ ቦታ ሄድን። ያየችው ልጅ መጀመሪያ "የት ጋ ነው፣ በጣትዎ ያሳዩኝ" አለችው፣ ተኝቶ አየችው፣ ከዛ ደግሞ "ይነሱ፣ አሁን በደንብ ያስሉ" አለችው። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ቆሞ ሲያስል እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጫለሁ፣ የሆነ ነገር በክፍተቱ ሹልክ ብሎ ወጣ፣ ሳሉ ሲያበቃ ተመልሶ ገባ። በዓይኔ ነው ያየሁት። ሰው ሲተኛ የወጣው ስብ ወይ አንጀት ወደ ሆድ ስለሚመለስ ማሽኑ የሚያየው ነገር ያጣል አለችን፣ ሲቆምና ሲያስል ወይ ሲያምጥ ግን የሆድ ግፊት ይገፋዋል።

እብጠቱ ፊት ለፊት ከታየማ ሐኪም በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። አልትራሳውንድ የሚያስፈልገው ላጠራጠረው ነው፣ ወፍራም ለሆነ ሰው፣ በድሮ ኦፕራሲዮን ጠባሳ ስር ለሚያመው፣ በተለይ ደግሞ ለሴቶች፣ ከብሽሽት ዝቅ ብሎ ጭን ስር የሚወጣው ዓይነት እነሱ ላይ ይበዛል፣ ትንሽ ስለሆነ ይደበቃል ግን ቶሎ ይታነቃል፣ ማለትም የወጣው ነገር ክፍተቱ ውስጥ ተይዞ ደም ያጣል። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ ከሲቲ ስካን ይረክሳል፣ ሰው እየተንቀሳቀሰ ያሳያል። ግን የሚያየው ሰው እጅ ይወስነዋል።

ጎንደር'ኮ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር የኖረች ከተማ ናት፣ እባካችሁ ባለሙያዎች፣ ሰልፉ ቢረዝምም በሽተኛውን አቁማችሁ ያስል በሉት። እናንተም ታካሚዎች ዝም ብላችሁ አትተኙ፣ "የሚወጣው ስቆም ነው" በሉ። እብጠቱ አልመለስ ብሎ ከጠነከረ፣ ህመምና ትውከት ከመጣ ደግሞ አልትራሳውንድ ወረፋ ሳትጠብቁ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር ማራኪ