ትኬት ላይ ያለው ሰዓት እንዴት ይነበባል?

ለተከበራችሁ የቱሉ ዲምቱና የአካባቢው ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ የበረራ ርቀትንና ሰዓትን ስለማስረዳት

ትኬት ስትቆርጡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር «ዱባይ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚል ነው። ስልካችሁ ከቦሌ እስከ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላችኋል። አውሮፕላን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ ሲካፈል 3 ሰዓት ይመጣል። ትኬቱ ግን ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። ትኬት የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነውና፣ ተራ መጠበቁም፣ ቀስ ብሎ መውጣትና መውረዱም አብሮ ይታሰባል። ደግሞም ቀጥታው መስመር በየመን ላይ ስለሚያልፍ፣ ያንን ሰማይ የሚሸሹ በረራዎች ዞረው ይሄዳሉ።

ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሆና ትኬቱ 1 ሰዓት ገደማ የሚለውም ተራ መጠበቁ፣ መውጣትና መውረዱ አብሮ ስለሚታሰብ ነው።

ዋሽንግተን ለየት ይላል። ርቀቱ ሲሄድም ሲመጣም ያው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲመጣ በቀጥታ 13 ሰዓት ያህል የሚበር አውሮፕላን ሲሄድ ግን መንገድ ላይ ነዳጅ ይሞላል። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል። ሙሉ ተሳፋሪና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት አይሆንም። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ይገጥመዋል።

የመነሻም የመድረሻም ሰዓት የሚጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነው። ከቦሌ 23:00 ተነሥቶ ዱባይ 04:10 የሚደርስ በረራ 5 ሰዓት ከ10 የፈጀ ይመስላል፤ ዱባይ በ1 ሰዓት ስለምትቀድመን ግን 4 ሰዓት ከ10 ነው። አውሮፓና አሜሪካ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ያዛውራሉ፤ እኛ አናዛውርም። ስለዚህ ፍራንክፈርት በክረምታቸው በ2፣ በበጋቸው በ1 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች።

ሰው በረራ የሚያመልጠው ግን በርቀት ስሌት አይደለም፤ በሰዓት አነባበብ ነው። ወደ እኛ ሰዓት ለመቀየር፣ ትኬት ላይ ያለው ከ06:00 እስከ 17:59 ከሆነ 6 ቀንሱ፤ ውጤቱ 0 ከሆነ 12 በሉት፤ 06:30 ማለት ጠዋት 12:30 ነው። 18:00 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 18 ቀንሱ፤ 22:45 ማታ 4:45 ይሆናል። ከ00:00 እስከ 05:59 ያለው ላይ 6 ደምሩ። ክፉው ይኸኛው ነው። «ረቡዕ 00:20» የሚል ትኬት በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት 6:20 ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣ ጭኖ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው፤ አብዛኛው ርካሽ ትኬት ደግሞ ገንዘብ አይመልስም።

ለውጭ አገር በረራ ከ3 ሰዓት በፊት ቦሌ መድረስ አለባችሁ። በዚህ ምሳሌ ማክሰኞ ማታ 3:20 መሆኑ ነው። በቃሊቲ በኩል የምትመጡ ማታ የጭነት መኪናው ስለሚያጨናንቅ ከ1:30 ሳያልፍ ከቤት ውጡ።

ከአክብሮት ጋር
የትኬት ክፍል